ቴስታታ ከማስወረድዎ በፊት፦ የሞተር ሙቀት ችግርና መፍትሄ

ዕድሜ የጠገበ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ (1ኤንዜድ ሞተር ያለው) ሲሞቅ ቀድሞ የሚጠረጠረው ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) ነው። መጠርጠር ያለበት ግን የራዲያተር ክዳኑ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው በራዲያተሩ እንዲያልፍ የሚከፈተው ቫልቭ) ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ ነው። 1.1 የሚል ክዳን (ቁጥሩ የሚይዘው የግፊት ልክ ነው) ግፊቱን በደንብ ከያዘ መፍያው ወደ 118 ይወጣል፤ ላስቲኩ ከደረቀ ውሃው ቶሎ ይፈላና በማጠራቀሚያው ጠርሙስ በኩል ይገነፍላል። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ክዳኑን ከፍተው ላስቲኩን በጥፍር ይጫኑት። ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ያው ቁጥር ባለው ይቀይሩ።

ቆሞ ይሞቃል፣ ሲሄድ ይበርዳል

ችግሩ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ነው። ሞተሩን አስነስተው ኤሲ ይክፈቱ። ካልዞረ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን (የኤሌክትሪክ ማብሪያውን) ይዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሶኬቱን ነቅለው በቀጥታ ከባትሪ ያገናኙት፤ ያኔም ካልዞረ የቬንትሌተሩ ሞተር ተቃጥሏል።

ዳገት ላይ ይሞቃል

ላይኛው ቱቦ እየፈጀ ታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ወይ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል። ቴርሞስታቱን አውጥተው ከቴርሞሜትር ጋር ድስት ውስጥ ያሙቁት፤ 84 አልፎ ካልተከፈተ ይጣል። «አውጥተነው እንንዳ» የሚለውን ምክር አይቀበሉ፦ በዚህ ሞተር ቴርሞስታቱ ሲወጣ ማለፊያው ቱቦ ክፍት ይቀራል፣ ትኩሱ ውሃም ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል።

ውሃ ይቀንሳል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም

የውሃ ፖምፓው ሥር ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት ካለ ፖምፓው ያንጠባጥባል። ቅርፊት ከሌለ ጠዋት ቀዝቃዛውን ሞተር ያስነሱና ላይኛውን ቱቦ ይያዙ። ገና ሳይሞቅ በደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ራዲያተሩ ውስጥም አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የቴስታታ ጋስኬት (በቴስታታውና ከሥሩ ባለው ብሎክ መሃል ያለው ማሸጊያ) ተበልቷል። የዘይት ልክ ማያው ዘንግ ላይ ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ከታየ ሞተሩን አያስነሱ። በዘይት መሙያው ክዳን ላይ ብቻ የሚታይ ነጭ ነገር ግን አጭር መንገድ የሚነዳ መኪና ላይ የተለመደ እርጥበት ስለሆነ አያስደንግጥ።

ቴስታታው ሲወርድ

የአሉሚኒየሙ መጣመም በቀጥ ብረትና በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች) ይለካል። በብሎኩ በኩል ከ0.05 ሚሊሜትር ካለፈ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ጋስኬት ቀይሮ ብቻ መግጠም ሁለተኛ ሥራ መጥራት ነው። የብሎን ጉድጓዶቹ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሳይጠብቅ የጠበቀ ይመስላል፤ በአየር ያስነፉ። አሥሩን ብሎኖች ከመሃል ወደ ዳር በቅደም ተከተል በ29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ (ሩብ ዙር) በማዞር፣ እንደገና 90 ዲግሪ በማዞር ማጥበቅ ነው። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት ቶርክ ሬንቹን (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካውን ቁልፍ) ያስመጡ።

መንገድ ላይ ከሞቀ

የዳሽቦርዱ የሙቀት ቀስት ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል መሃል ላይ ቆሞ ስለሚቆይ፣ ከተንቀሳቀሰ ዘግይቷል። ኤሲ ያጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አይንኩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ በትኩስ ሞተር ላይ ማፍሰስ ቴስታታውን ያጣምመዋል።

ከጥገና በኋላ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ይሙሉ፤ የቧንቧ ውሃ ዝገትና ዝቃጭ ያመጣል። ማሞቂያውን ከፍተው፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ቬንትሌተሩ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪቆም ሞተሩን ያስነሱት፤ በመሃል ላይኛውን ቱቦ ይጭመቁ፣ የታሰረው አየር ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት ልኩን አይተው የጎደለውን ይሙሉ።