የምድርና የሳተላይት ማረፊያ መሪዎችን ስናነጻጽር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አውሮፕላንን ለማረፍ ወደ ማኮብኮቢያ የሚመሩ ሥርዓቶች አንዳንዶቹ በምድር አንቴናዎች፣ ሌሎቹ በሳተላይት ይሠራሉ፤ እነዚህን ስናነጻጽር የምንሠራቸው ስህተቶች ሁሉ መነሻ «የሳተላይት ማረፊያ» የሚለውን ስያሜ እንደ አንድ ሥርዓት መቁጠር ነው። በዚህ ስም ከሚጠሩት አንዱ አቅጣጫውን ብቻ ከሳተላይት ወስዶ የመውረጃ መስመሩን በአየር ግፊት ያሰላል፤ ኤልፒቪ የሚባለው ሁለቱንም ከሳተላይት ይወስዳል፤ ጂባስ ደግሞ በአውሮፕላን ማረፊያው በተተከለ ጣቢያ ይታገዛል፤ ያለ ምድር መሣሪያ አይሠራም። ሆኖም አንድ የጂባስ ጣቢያ በርካታ ማኮብኮቢያዎችን ሊያገለግል ሲችል፣ በምድር አንቴናዎች በሚላክ ሬዲዮ የሚመራው አይኤልኤስ ለእያንዳንዱ የማኮብኮቢያ ጫፍ የራሱ አንቴናዎች ያስፈልጉታል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በአየር ግፊት የሚሰላውን የመውረጃ መስመር ከአይኤልኤስ ጋር እኩል ማመን ነው። የአየር ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ሲዛባ ከፍታው በ8 ሜትር ገደማ ስለሚዛባ፣ አብራሪው ከትክክለኛው በ10 ሄክቶፓስካል የበለጠ ግፊት በከፍታ መለኪያው ላይ ቢሞላ አውሮፕላኑ ከታሰበው መስመር 80 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይወርዳል፤ ከመስመሩ መውጣትን የሚያሳየው መርፌ ግን መሃል ላይ ይቆያል። ከማኮብኮቢያው ያለውን ርቀት መለኪያው ከሚያሳየው ከፍታ ጋር ማመሳከርም አያድንም፤ ማመሳከሪያውና መስመሩ የተሳሳቱት በአንድ መለኪያ ነውና። የአይኤልኤስ መስመር ከማኮብኮቢያው አጠገብ በሬዲዮ ስለሚላክ ግፊቱ አያንቀሳቅሰውም፤ ስለዚህም ተመሳሳዩ ማመሳከር የተሳሳተውን ግፊት ያጋልጣል። ብርድም እንዲሁ በግፊት የሚሰላውን መስመር ዝቅ ያደርገዋል።

ከዚህ ተነሥቶ አይኤልኤስ አይዛባም ማለትም ስህተት ነው። በአንቴናዎቹ አቅራቢያ የሚንቀሳቀስ አውሮፕላን ወይም ተሽከርካሪ ሞገዱን ያጥፈዋል፤ ከተለመደው የ3 ዲግሪ የመውረጃ መስመር በላይ፣ ወደ 9 ዲግሪ ገደማ፣ ሐሰተኛ መስመር ስለሚፈጠር ትክክለኛውን ከታች መያዝ ይመረጣል። የሳተላይቱ ሞገድ በበኩሉ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት እጅግ ደክሞ ስለሚደርስ ሆን ተብሎ በሚላክ ሬዲዮ በቀላሉ ይታፈናል።

ትክክለኛነትን በሜትር ብቻ መመዘንም አይበቃም፤ ሥርዓቱ ሲሳሳት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያስጠነቅቅ መጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻም አዲሱ፣ ማለትም የሳተላይቱ ሥርዓት፣ ማኮብኮቢያው ሳይታይ ሁልጊዜ ይበልጥ ዝቅ ያደርሳል ብሎ ማሰብ አለ። ኤልፒቪ አብራሪውን እስከ 200 ጫማ ያወርደዋል፤ እጅግ ደካማ እይታ ላለበት ጊዜ የተዘጋጀው የአይኤልኤስ ሦስተኛ ምድብ ግን ከ100 ጫማ በታች ያደርሳል። 200 ጫማውም ቢሆን መሰናክሎችና የመቅረቢያ መብራቶች ሲፈቅዱ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ፣ የንጽጽሩ መነሻ የሚታረፍበት ማኮብኮቢያ የመቅረቢያ ካርታ ሊሆን ይገባል።