«ፕራይም ነው» ከማለትህ በፊት፦ የትልልቅ ቁጥሮች ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ ተማሪው ቁጥሩን ለ2፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ7 ሞክሮ እንቢ ሲለው «ፕራይም ነው» (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም) ብሎ ይጽፋል።

ደሴ ውስጥ ሒሳብ ሳስጠና ከሁሉም በላይ ያረምሁት ይህን ነው። ልጆቹ ማካፈል አሳምረው ያውቃሉ፤ የማያውቁት የት እንደሚቆም ነው።

መንስኤው፦ አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንዱ ከቁጥሩ ስኩዌር ሩት (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ከሚሰጠው) ከበለጠ ጓደኛው ያንሳል። ስለዚህ እስከ ስኩዌር ሩቱ ያሉት ፕራይሞች ሁሉ ሳይሞከሩ መፍረድ አይቻልም፤ ከዚያ ማለፍ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ልጅ አንድ ቀን 30,031ን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ይሄማ ፕራይም ነው፤ ወረቀቱ ላይ አለ።» እጅ በእጅ የሚዞር ፎቶ ኮፒ ነው፤ «ፕራይሞችን ከመጀመሪያው ጀምረህ አባዝተህ 1 ብትደምር ፕራይም ታገኛለህ» ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ያበግነኛል! የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ያሳየው አዲሱ ቁጥር ከተባዙት ውጭ የሆነ ፕራይም አካፋይ እንዳለው ብቻ ነው። 2×3×5×7×11×13 = 30,030፤ 1 ሲደመር 30,031። እስከ 13 ለየትኛውም ቢካፈል 1 ይተርፋል፤ ልጁም እዚያ ላይ ጠመኔውን አስቀመጠ። «አብሽር፣ ቀጥል» አልሁት። ለ17 ሲካፈል 9 ተረፈ፣ ለ19 11፣ ለ23 16። 47 ላይ 45፣ 53 ላይ 33። እጁ ዝሎ ሊተወው ሲል 59 ላይ ምንም አልተረፈም፦ 59×509።

መፍትሄው፦ ከማካፈልህ በፊት ድንበሩን አስምር። 173² = 29,929፣ 174² = 30,276፤ እንግዲህ ለ30,031 የመጨረሻው ሙከራ 173 ነው። ፕራይሞቹን በዳር ጽፈህ አንድ በአንድ ሰርዝ። ዝርዝሩን በቃልህ አትመን! 91 (7×13)፣ 119 (7×17)፣ 133 (7×19) ፕራይም መስለው ይገባሉ። 51ና 57ም እንዲሁ። ሁለቱም የ3 ብዜት መሆናቸውን እያወቀ የሚያስገባቸው ስንቱ ነው!

ቁጥሩ ከሙሉ ስኩዌር ትንሽ ካነሰ ልዩነቱን እይ። 9,991 ማለት 100² − 3² ነው፤ ስለዚህ (100−3)×(100+3)፣ ማለትም 97×103። በማካፈል የሄደ ግን 89 ላይ ቢሰለች ተሳስቶ ቀረ።

የአካፋዮች ብዛት ከተሳሳተ ርቢዎቹን (ከፕራይሞቹ ራስጌ የሚጻፉትን ትንንሽ ቁጥሮች፤ ካልተጻፈ 1 ነው) ደምረህ ይሆናል። 720,720 = 2⁴×3²×5×7×11×13። በየርቢው ላይ 1 ጨምረህ አባዛ፦ 5×3×2×2×2×2 = 240።

አልፎ አልፎ፦ ካልኩሌተሩ 2⁶⁷−1ን 1.475739526×10²⁰ ብሎ ሲያሳይ በዜሮ ሞልቶ «ለ10 ይካፈላል» የሚል አለ። ስክሪኑ የቀሩትን አሃዞች ቆርጧቸዋል። 2 በ2 እየተባዛ ሲሄድ የመጨረሻው አሃዝ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ ይዞራል፤ 67 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋልና 2⁶⁷ በ8 ያልቃል፣ አንድ ሲቀነስ በ7።