ልጃችሁ ኤዲኤችዲ አለበት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፦ ከምርመራ እስከ ሕክምና እንዴት እንደሚኬድ

ቀዥቃዣ ልጅ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት ማለት አይደለም። ፈዛዛ ልጅም እንደዚያው። ኤዲኤችዲ ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ ችግር ነው። ያለበት ልጅ ትኩረቱን መሰብሰብ፣ አንድ ቦታ መርጋት ወይም ከማድረጉ በፊት ማሰብ ከእኩዮቹ ይልቅ በጣም ይከብደዋል። ይህን ከተራ ልጅነት የሚለየው ምርመራ ነው። የምርመራው ግማሽ ሥራ ደግሞ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው።

1. ጥፋተኛ መፈለጉን ተዉት

"አንተ አቀበጥከው"፣ "አንቺ ነሽ የምትጮኺበት" እየተባባላችሁ ሐኪም ጋ ብትገቡ ቀጠሮው በጭቅጭቅ ያልቃል። መንታ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ትልቁን ድርሻ፣ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚገመተውን፣ የያዘው ከወላጅ የሚወረሰው ዘር ነው። ያለጊዜ መወለድ፣ ሲወለዱ ክብደት ማነስ፣ በሕፃንነት ለእርሳስ ብረት መጋለጥም አደጋውን ይጨምራሉ። ስኳር አያመጣውም። ልቅ አስተዳደግም አያመጣውም። "እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ" የሚል ወላጅ ካለ ግን ይናገር፤ ለሐኪሙ ጠቃሚ መረጃ ነው።

2. ሐኪሙ የሚፈልገውን እወቁ

ብዙ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ዲኤስኤም-5 የተባለው መመሪያ ምልክቶቹን ለሁለት ይከፍላቸዋል፦ 9 የትኩረት ማነስ፣ 9 የመቅበጥበጥና የችኮላ። ልጁ ቢያንስ ከአንዱ ወገን 6 ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ ከ17 ዓመት ጀምሮ 5 ይበቃል። ምልክቶቹ 6 ወርና ከዚያ በላይ የቆዩ፣ የተወሰኑት ከ12 ዓመት በፊት የታዩ፣ ኑሮውንም የሚያውኩ መሆን አለባቸው። ከአንድ ቦታ በላይም መታየት አለባቸው። ቤት ውስጥ ብቻ የሚያስቸግርና ትምህርት ቤት ምንም የማይለው ልጅ ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል።

ዝምተኞቹን አትርሱ። ወንበሯ ላይ ጭጭ ብላ፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሄዶ ክፍለ ጊዜው የሚያልፍባት ልጅ ማንንም ስለማትረብሽ ልብ የሚላት የለም። ብዙ ሴቶች ልጆች ዘግይተው የሚታወቁት በዚህ ምክንያት ነው።

3. ማስታወሻ ያዙ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። የእኔ ልጅ ሐኪሙ ፊት ጭምት ሆኖ ቁጭ አለ። የተጠየቀውን ሁሉ በሥርዓት መለሰ። አዲስ ክፍል፣ አዲስ ሰው፣ እሱን ብቻ የሚያይ አዋቂ ሲሆን ኤዲኤችዲ ያለበትም ልጅ ለግማሽ ሰዓት ረጋ ሊል ይችላል። ቤት የሚያምሰው ልጅ ቪዲዮ ጌም ላይ ሰዓታት ተተክሎ የሚውለውም ለዚሁ ነው፤ የሚወደውና ቶሎ ቶሎ ምላሽ የሚሰጠው ነገር ቀልቡን ይይዝለታል። ስለዚህ ሐኪሙ በዓይኑ የማያየውን የሚያሳየው ደብተራችሁ ነው።

"ሰነፍ ነው"፣ "አይሰማም"፣ "ቀልብ የለውም" ብላችሁ አትጻፉ። ይሄ ፍርድ ነው፤ ሐኪሙ ምንም አያደርግበትም። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

"ማክሰኞ ማታ። የሒሳብ የቤት ሥራ፣ 8 ጥያቄ። ሁለተኛው ላይ እርሳስ ልቅረጽ ብሎ ተነሣ። በዚያው ከወንድሙ ጋር ኳስ ጀመረ። ጠራሁት፣ መጣ። አራተኛው ላይ መደመር ሲገባው ቀነሰ፤ ምልክቱን ሳሳየው ወዲያው አረመው። 20 ደቂቃ የሚበቃው ሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ።"

ይህች አጭር ጽሑፍ ብዙ ትናገራለች። ልጁ ሒሳቡን ይችላል፤ ያቃተው ሥራው ላይ መቆየት ነው። ምልክቱን አሳይተውትም ግራ የሚገባው ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ትምህርት መቀበል ችግር ይዞር ነበር። ሰዓቱን፣ ምን ሊሠራ እንደነበር፣ ምን እንዳቋረጠው፣ ምን እንደመለሰው መዝግቡ። ጥሩ የዋለበትን ቀንም ጻፉ፤ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። እንቅልፉን አትርሱ፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ያንኮራፋል ወይ? ሌሊት በቅጡ የማይተኛ ልጅ ቀን ላይ ቁርጥ ኤዲኤችዲ ያለበትን ይመስላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ከያዛችሁ ይበቃል።

ስልክ ላይም መጻፍ ይቻላል። እኔ ግን ወረቀት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ስልክ ከተከፈተ የወላጅም ትኩረት አብሮ ይጠፋል።

4. ከትምህርት ቤት መረጃ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ

መምህሩን "እንዴት ነው ልጄ?" ብትሉት "ደህና ነው፣ ትንሽ ይረብሻል" ይላችኋል። ለወላጅና ለመምህር የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ፤ ቫንደርቢልት የሚባለው አንዱ ነው። ሐኪሙን ጠይቁና ለመምህሩ ስጡት።

የሕፃናት ሐኪም፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም ወይም በዚህ የሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊያየው ይችላል። ኤዲኤችዲን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። "በአንጎል ራጅ አረጋግጥላችኋለሁ" የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። የደም ምርመራ ከታዘዘ ሌላ በሽታ ለማጣራት ነው። ጆሮውና ዓይኑ ይታይ። ጭንቀትና ድብርትም ተመሳሳይ መልክ አላቸው። ልጁ በወሬ መሀል ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ የሚቀር፣ ሲነኩትም የማይነቃ ከሆነ ይህን ለይታችሁ ንገሩ፤ አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል።

የኢንተርኔት መጠይቅ ለመጠርጠር ይረዳል፣ ለመወሰን ግን አይሆንም።

5. ሕክምናው

ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መጀመሪያ የሚመከረው የወላጆች ሥልጠና ነው። አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ፣ አጠር አድርጎ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ። ሲፈጽም እዚያው ማመስገን። ቀላል ይመስላል፤ ሲደክማችሁ ግን ይፈትናል።

ከ6 ዓመት በኋላ መድኃኒትና የባሕርይ ሕክምና አብረው ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ነው። አነቃቂ መድኃኒት ነው። የሚቅበጠበጥ ልጅ አነቃቂ ሲሰጠው ብዙ ወላጅ ይደነግጣል። ሥራው ግን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርኢፒነፍሪን የተባሉትን ኬሚካሎች ከፍ በማድረግ ትኩረትን ማገዝ ነው። የአጭር ጊዜው ዓይነት ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ያበቃል። አነቃቂ ያልሆነው አቶሞክሴቲን ደግሞ ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ በሦስተኛው ቀን "አልሠራም" ብላችሁ አታቁሙት።

አነቃቂው የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ቁርሱን ከመድኃኒቱ በፊት ወይም አብሮ ይብላ። መጠኑ ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ነው የሚስተካከለው፤ በየክትትሉም ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይለካል። በዘመድ ውስጥ የልብ ሕመም ያለበት ወይም በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ መድኃኒቱ ሳይጀመር ተናገሩ። ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም ደረቴን አመመኝ ካለ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት።