የተዳቀሉ ዶሮዎች ችግርና መፍትሄ፦ መጀመሪያ አውራውን እዩ

ሐይቅ ከተማ እናቴ ጓሮ ኮይኮኩም (ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ላባው መስመር መስመር ያለው ዝርያ)፣ ገብስማውም፣ አንገተ መላጣውም አንድ ላይ ይጭራል። ችግር ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው አውራውን ነው። አንዷ ዶሮ የራሷን ጫጩቶች ብቻ ታበላሻለች፤ አውራው ግን የሁሉም አባት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ክልሶች ጥሩ ጣሉ፣ ልጆቻቸው ቀነሱ?
የሚበዛው ቅሬታ ይሄ ነው። የሐበሻና የፈረንጅ ዶሮ ሲገናኙ የመጀመሪያው ትውልድ ብርቱ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ወንድ አስቀርታችሁ ከእህቶቹ ጋር ካራባችሁት ብርታቱ ይቀንሳል። ዝምድናው ሲደጋገም ደግሞ ዕንቁላሉ አይፈለፈልም፣ የተፈለፈለውም ይደክማል። ክልስ ወንዶቹን ለበዓል እረዱ ወይም ሽጡ። ዝምድና የሌለው አውራ ከሌላ ቀበሌ አምጡ። ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ፈንግል ይዞ ከገባ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። አውራውን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ዕንቁላሉ ስንት ቀን ተቀምጦ እንደታቀፈ ጠይቁ። ከሳምንት በላይ ከቆየ የመፈልፈል ዕድሉ ይቀንሳል።

አዲስ አውራ ገባ፣ ጫጩቱ ግን የድሮውን መሰለ?
ዶሮ የአውራውን ዘር በሆዷ 2 ሳምንትና ከዚያም በላይ ታቆያለች። አሮጌውን አውጥታችሁ 3 ሳምንት ጠብቁ። እስከዚያ የምትጥለውን ብሉት።

ክልሷ አልታቀፍ አለች?
ለዕንቁላል የተመረጡ የፈረንጅ ዝርያዎች መታቀፍ ትተዋል፤ ልጃቸውም ይህንኑ ልትወርስ ትችላለች። አታስጨንቋት። አንዲት ጎበዝ ታቃፊ የሐበሻ ዶሮ አቆዩና የክልሷን ዕንቁላል ለ21 ቀን እሷ ትታቀፈው።

ወንድና ሴት ጫጩት አልለይ አለ?
ይሄን በጣም እወደዋለሁ። ጥቁር አውራ ከኮይኮክ እናት ጋር አገናኙ። እናት ያንን መስመር መስመር ቀለም የምታወርሰው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንዶቹ አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይዘው ይፈለፈላሉ፣ ሴቶቹ ጥቁር ይሆናሉ። አገላብጣችሁ ኮይኮክ አውራ ካደረጋችሁ ግን አይሠራም።

አንገተ መላጣ ጫጩት ወጣ?
በሽታ አይደለም፣ አትጣሉት። አንዱ ወላጅ ብቻ መላጣ ቢሆንም ይወጣል። ላባው ስለሚያንስ ሙቀት ይችላል። ባቲና ከሚሴ ላላችሁ እንዲያውም አውራ ለማድረግ ምረጡት። ደሴ ላላችሁ ግን ጫጩትነቱን እስኪጨርስ ከብርድ ጠብቁት።