የኮሚክ ሠዓሊዎችን እጅ እያዩ አሣሣል እንዴት ይለመዳል?

ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕሎች የሚነገር ታሪክ) ሲሣል የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል። ሰዓታት ሙሉ ተመልክቶ እጁ ባለበት የሚቀር ሰው ግን ጥቂት አይደለም፤ ዓይኑ የሚከተለው ሥዕሉን ነውና። መታየት ያለበት የሠዓሊው እጅ ነው፦ መስመሩ ከየት ተነሣ፣ ወዴት ተሳበ፣ የቱ ቀደመ፣ የቱ በላጲስ ጠፋ።

ቪዲዮ አመራረጥ

የተፋጠነውን እለፉት። ሙሉ ቀን የፈጀ ገጽ በሁለት ደቂቃ ሲያልቅ ማየት ደስ ይላል እንጂ አያስተምርም። ሠዓሊው ብዕሩን አንሥቶ ያመነታበት፣ ወረቀቱን ያዞረበት፣ የሣለውን አጥፍቶ የደገመበት ጊዜ ተውጦ ቀርቷል። በራሱ ፍጥነት የተቀረጸ፣ እጅና ወረቀት ከቅርብ የሚታዩበትን ፈልጉ። ጃፓናዊው የማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ሠዓሊ ናኦኪ ኡራሳዋ በኤንኤችኬ ቴሌቪዥን የሚያቀርበው «ማንቤን» ለዚህ እጅግ ተስማሚ ነው። ካሜራዎች በሠዓሊው መሥሪያ ክፍል ተተክለው ሲሠራ ይቀርጹታል፤ በኋላ ኡራሳዋና ሠዓሊው ቀረጻውን አብረው እያዩ ስለ አሣሣሉ ያወራሉ። ጃፓንኛ ባታውቁም እጁ ይበቃችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈው ደቡብ ኮሪያዊ ኪም ጁንግ ጊ ያለ እርሳስ ንድፍ፣ በቀጥታ በብዕር ቀለም፣ ግድግዳ የሚያህል ሥዕል ይሞላ ነበር። ድንቅ ነው፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም። ንድፉ ጭንቅላቱ ውስጥ ስላለቀ ካሜራው የሚያሳያችሁ ነገር የለም። ንድፉን በእርሳስ በሚያወጣ ሰው ጀምሩ።

አንደኛው እይታ፦ ቅደም ተከተል

ምንም ሳትሥሉ አንድ ገጽ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሲሠራ እዩና ቅደም ተከተሉን ብቻ ጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ ገጹ በትንሹ ተሞካክሮ ይነደፋል፣ ሥዕሎቹ የሚገቡባቸው ሳጥኖች ይሠመራሉ፣ የንግግሩ ቦታ ይያዛል፣ ሰዎቹ በቀላል ቅርጾች ይቆማሉ፣ እርሳሱ ይጠራል፣ ከዚያ በቀለም ይደምቃል። ሙሉ ለሙሉ ጥቁር በሚሆኑ ቦታዎች ላይ ትንሽ የኤክስ ምልክት ሲደረግ ካያችሁ ልብ በሉ፤ በኋላ እዚያ ቦታ የሚሞላው ቀለም አስቀድሞ መታሰቡን ያሳያል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከላይ ግራ ጀምሮ ወደ ቀኝ የሚወርደው፣ ከመዳፉም ሥር ብጣሽ ወረቀት የሚያኖረው እርጥቡን ቀለም እንዳያሻሸው ነው።

ሁለተኛው እይታ፦ አንድ ጥያቄ ብቻ

ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ቁራጭ ምረጡ። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን 0.5 ወይም 0.25 አድርጉት። ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮውን ካቆማችሁት በኋላ የነጥብ ቁልፍ አንድ ምስል ወደፊት፣ የኮማ ቁልፍ አንድ ምስል ወደኋላ ይወስዳችኋል። ጥያቄያችሁ ለምሳሌ «ፀጉር በጂ ፔን እንዴት ይሣላል?» ይሁን።

ጂ ፔን ቀለም እየተነከረ የሚሠራበት የብረት ጫፍ ነው፤ መሐሉ ስለተሰነጠቀ ሲጫኑት ሁለቱ እግሮቹ ተከፍተው መስመሩ ይወፍራል፣ ሲለቁት ይቀጥናል። አሁን እጁን እዩ። ከፀጉሩ ሥር ይጫናል፣ ወደ ጫፉ ሲሄድ እያቀለለ ይመጣል፣ ከወረቀቱ ሲለቅም አይቆምም፤ በአየር ላይ ይቀጥላል። ጀማሪ ጫፉ ላይ ደርሶ ስለሚቆም በየፀጉሩ መጨረሻ የቀለም ነጠብጣብ ይቀራል። ወረቀቱም በየጥቂት መስመሩ ይዞራል፤ ይህ ልማድ ብቻ አይደለም፣ ብረቱ የሚሳብ እንጂ የሚገፋ ስላልሆነ ነው። ከገፋችሁት ወረቀቱን ነክሶ ቀለም ይረጫል።

ቪዲዮ የማያሳየው ዝግጅትም አለ። አዲስ ጫፍ ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ በአልኮል በረጠበ ሶፍት ካልተጠረገ ቀለሙ እንክብል ይሠራል። ስትነክሩ ከመሐል ቀዳዳው አታሳልፉ፤ ያለዚያ ይንጠባጠባል። ላጲስ ደግሞ ቀለሙ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው።

በታብሌት የሚሠራ ሰው ስታዩ አንድ ጥርጣሬ ያዙ፦ ያ የማይንቀጠቀጥ መስመር የእጁ ሳይሆን የሶፍትዌሩ ማረጋጊያ ሊሆን ይችላል።

ቪዲዮውን ዘግታችሁ ሣሉ

እያዩ መቅዳት ዓይንን እንጂ እጅን አያሠለጥንም። መጀመሪያ 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 20 መስመሮች፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን፣ ሣሉ። ከዚያ ያያችሁትን ፀጉር ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሳጥን ውስጥ ከትዝታ ሣሉት። አሁን ቪዲዮውን ከፍታችሁ አመሳክሩ። የምትፈልጉት የውበት ልዩነት አይደለም፤ የትኛውን መስመር አስቀደማችሁ፣ የት ተጫናችሁ፣ የት ቆማችሁ የሚለውን ነው። የተሳሳተውን አንዱን ብቻ መርጣችሁ ድገሙት። የሰው ሥዕል የቀዳችሁበት ወረቀት ግን የልምምድ ነውና በስማችሁ አታውጡት።

ከማንጋ የማይቀዳው

የጃፓን ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ ለአማርኛ አንባቢ የሳጥኖቹን አሰላለፍ መገልበጥ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን የንግግር አረፋውን፣ ማለትም የሰዎቹ ንግግር የሚጻፍበትን ክብ፣ ነው። ጃፓንኛ በማንጋ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ አረፋው ረጅምና ጠባብ ነው። «አልነገርኳችሁም?» የሚለውን ቃል እዚያ ውስጥ ለማስገባት ወይ መሐሉን መቁረጥ ወይ ፊደሉን እስከማይነበብ ማሳነስ ይጠይቃል። ስለዚህ ንግግሩን በሚታተምበት መጠን ገጹ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ አረፋውን በዙሪያው ሠምሩ፣ ሰውየውን በተረፈው ቦታ አቁሙ።