የአኒሜሽን ውድድር ስታዘጋጁ የድምፅ አሰጣጡን እንዴት ፍትሐዊ ታደርጋላችሁ?

ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋሮቢት ተቀምጦ አኒሜሽን ለመሥራት ዛሬ ትልቅ ስቱዲዮ አያስፈልግም። ብሌንደር የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል። በ2025 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካርን የወሰደው የላትቪያው «ፍሎው» የተሠራው በዚሁ ነው። እና ተሰባስባችሁ የአካባቢውን ልጆች ለማወዳደር ካሰባችሁ በርቱ፣ ግን ዋንጫ ከማሠራታችሁ በፊት የድምፅ አሰጣጡን ጨርሱ። መብራት እየጠፋበት ወራት ሙሉ ሌሊት ሲሠራ የከረመ ልጅ ውጤቱ አድልዎ ከመሰለው በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። ጓደኞቹንም ይዞ ይቀራል።

መጀመሪያ ማን ድምፅ እንደሚሰጥ ወስኑ። ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው፣ ቆጠራው ላይ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1972 ጀምሮ የሚሰጥ አኒ የሚባል የአኒሜሽን ሽልማት አለ፤ አዘጋጁ አሲፋ ሆሊውድ የተባለ ማኅበር ነው። በፊት የአባልነት መዋጮ የከፈለ ሁሉ ድምፅ ይሰጥ ነበር። በ2009 መጀመሪያ በተደረገው ሥነ ሥርዓት ድሪምዎርክስ የተባለው ስቱዲዮ የሠራው «ኩንግ ፉ ፓንዳ» ሽልማቱን ጠርጎ ወሰደ፣ በዚያው ወቅት ኦስካር ያገኘው የፒክሳሩ «ዎል-ኢ» ግን ባዶ እጁን ወጣ። ድሪምዎርክስ ለሠራተኞቹ አባልነት ይገዛላቸዋል የሚል ቅሬታ ተነሣ። በ2010 ዲዝኒና በሥሩ ያለው ፒክሳር ፊልም አናስገባም ብለው ከውድድሩ ወጡ። ማኅበሩ በዚያው ዓመት ለግለሰብ ባለሙያዎች በሚሰጡ ዘርፎች ድምፅ የሚሰጡት ባለሙያነታቸው የተረጋገጠ አባላት ብቻ እንዲሆኑ ደንቡን ቀይሮ ነበር፣ ዲዝኒ ግን የተመለሰው በ2011 ነው። ልብ በሉ፣ ማንም ሳጥን አልሰረቀም። «ኩንግ ፉ ፓንዳ» በራሱ ጥሩ ፊልም ነው፣ ምናልባት በየትኛውም ደንብ ያሸንፍ ነበር። ግን በሩ ክፍት ስለነበር አሸናፊው ላይም ጥርጣሬ ተለጠፈበት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የእናንተም አደጋ ያው ነው። አንድ ኮሌጅ ሃምሳ ተማሪ አሰልፎ ቢመጣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብቻዋን የመጣች ልጅ ምን ይዋጣት? ስለዚህ የዳኞችን ዝርዝር ፊልም መቀበል ከመጀመራችሁ በፊት ዝጉት። 15 ሰው ይበቃል። ሥዕል አስተማሪ፣ ቪዲዮ ኤዲተር፣ ድምፅ የሚቀርጽ፣ አኒሜሽን የሚሠራ ግን የማይወዳደር። ከአንድ ተቋም ከ2 ሰው በላይ አይግባ። ሁሉም ከደብረ ብርሃን አይሁኑ፣ ከአንኮበርም ከዓለም ከተማም ፈልጉ።

የቴሌግራም ድምፅን ከዋናው ሽልማት አውጡት። እዚያ የሚቆጠረው የዘመድ ብዛት ነው፣ ሦስት ሲም ያለው ደግሞ ሦስት ጊዜ ይመርጣል። ተመልካቹን ማሳተፍ ከፈለጋችሁ «የተመልካች ምርጫ» ብላችሁ ለብቻው ሸልሙ።

ቀጥሎ ዝምድና። በኛ አገር ሁሉም ሰው ከሁሉም ሰው ጋር ይተዋወቃል፣ ይሄን መካድ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ዳኛ የፊልሞቹን ዝርዝር አይቶ ልጁ፣ ዘመዱ፣ ተማሪው ወይም አብሮት የሚሠራ ሰው ካለበት በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ከዚያ ዘርፍ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። «ለዚያ ፊልም ብቻ ድምፅ አልሰጥም» አይበቃም፣ ተፎካካሪውን ዝቅ ማድረግም ያው ማገዝ ነው። ታላቅ ሰው ከሆኑ መናገር ይከብዳል፣ አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ተማሪዎ ስላለበት በዚህኛው አናስቸግርዎትም፣ በሌላው ዘርፍ ግን እንፈልግዎታለን» በሏቸው። ደንቡ ቀድሞ የተጻፈ ከሆነ ማንም አይቀየምም።

ከዚያ ሁሉም ዳኛ ሁሉንም ፊልም ይይ። ኦስካር እንኳ ይሄን በሁሉም ዘርፍ ግዴታ ያደረገው በቅርቡ ነው፤ ከ2026ቱ ሥነ ሥርዓት ጀምሮ በአንድ ዘርፍ የታጩትን በሙሉ ያላየ አባል በዚያ ዘርፍ የመጨረሻ ድምፅ መስጠት አይችልም። ለእናንተ ቀላሉ መንገድ በአንድ ቀን አንድ አዳራሽ ሰብስቦ ማሳየት ነው። ፊልሞቹን በፍላሽ ያዙ፣ ኢንተርኔት ላይ አትመኩ፣ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉ። የሠሪውን ስም ከፊልሙ ላይ አውጡና ቁጥር ስጡት። መምጣት ላልቻለ ዳኛ ፍላሹን ላኩለት፣ ሁሉንም ማየቱን ፈርሞ ይመልስ።

አሁን ወረቀቱ። ከ10 ነጥብ ስጡ አትበሉ። አንዱ ዳኛ ለወደደው 10፣ ለተፎካካሪው 2 ከሰጠ ብቻውን ውጤቱን ያዛባል። ይልቅ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ብለው በደረጃ ይጻፉ። አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። 15 ዳኞችና 3 ፊልሞች አሉ፣ በ1ኛ ምርጫ የደብረ ብርሃኑ 6፣ የአንኮበሩ 5፣ የደብረ ሲናው 4 አገኙ እንበል። በተለመደው አቆጣጠር የደብረ ብርሃኑ አሸነፈ ማለት ነው፣ 9 ሰው አንደኛ ሳይለው። በደረጃ ከሆነ ግን ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 8 ያገኘ ስለሌለ መጨረሻ የሆነው የደብረ ሲናው ይወጣል። እሱን አንደኛ ያሉት 4 ዳኞች ሁለተኛ ማንን እንደጻፉ ታያላችሁ። አራቱም አንኮበርን ጽፈው ከሆነ 9 ለ6 አንኮበር ያሸንፋል። ብዙ ሰው የተስማማበት ፊልም እሱ ነው። እኩል ከወጡ ምን እንደሚደረግም አስቀድማችሁ ጻፉ፣ የቆጠራው ምሽት ላይ ደንብ አይፈጠርም።

ቆጠራው እንደ እቁብ ዕጣ በሰው ፊት ይሁን። አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ተወዳዳሪዎች ቁጭ ብለው ይዩ። የዳኛ ስም ወረቀቱ ላይ አይኑር፣ የየዙሩን ቁጥር ግን ለጥፉ። ወረቀቶቹን በታሸገ ፖስታ ለሁለት ሰው አደራ ስጡ፣ ለቅሬታ 3 ቀን ፍቀዱ፣ ቅሬታውን የሚያዩት ደግሞ ዳኛ ያልነበሩ ሰዎች ይሁኑ።

ስፖንሰር ከመጣ እሰየው። ባነሩ ይሰቀልለት፣ መድረክ ላይ ንግግር ያድርግ፣ ዋንጫውንም እሱ ያስረክብ። የዳኞች ወንበር ግን አይሰጠውም። ይሄን ብሩን ከመቀበላችሁ በፊት ውሉ ላይ አስፈርሙት።