ያለማቋረጥ የሚጮህ ዲቴክተር፣ ወርቅ የማይቀርበት ሳህን፦ ችግርና መፍትሔ

ይህ ጽሑፍ በዲቴክተር (በብረት መፈለጊያ መሣሪያ) እና በማጠቢያ ሳህን ወርቅ ለሚፈልግና ባትሪው መሞላቱን፣ ማዳመጫው በትክክል መሰካቱንና የመሣሪያው መመሪያ መነበቡን አስቀድሞ ላረጋገጠ ሰው የተዘጋጀ ነው። ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ያስተካከልኳቸውን ችግሮች በሰፊው አስረዳለሁ፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥሙትን በአጭሩ አልፋለሁ።

ዲቴክተሩ ምንም በሌለበት ቦታ ይጮኻል

ምልክቱ የታወቀ ነው። መሣሪያው ያጉረመርማል፣ ይቆራረጣል፣ በየእርምጃው ይጮኻል፤ ባለቤቱ አሥር ጉድጓድ ቆፍሮ አንዲት ሚስማር እንኳ አያገኝም። እንዳየው ከሚመጡልኝ ዲቴክተሮች አብዛኞቹ የሚመጡት በዚህ ስሞታ ነው፤ ከእነዚህ መካከል ዋናውን ሣጥን መክፈት ያስፈለገኝ ግን እጅግ ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ሰዎች ጥፋቱን በኤሌክትሮኒክሱ ላይ ይጥላሉ፤ እኔ የማገኘው ግን በኮይሉ (በዘንጉ ጫፍ ባለው ጠፍጣፋ የመፈለጊያ ክፍል) ሽፋን፣ በኬብሉ አጠማጠም ወይም በአፈር ማመጣጠኑ (መሣሪያው የአፈሩን ምልክት እንዲተወው በሚደረገው ማስተካከያ) ላይ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ኮይሉን እስከ ወገብ ቁመት አንሥተው ሳያንቀሳቅሱ ይያዙት። እንዲያም ሆኖ የሚጮህ ከሆነ ምክንያቱ አፈሩ ሊሆን አይችልም፤ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ወይም የላላ ማገናኛ ነው። ቆሞ ጸጥ ብሎ በአየር ላይ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ኬብሉን ወይም ሽፋኑን ይጠርጥሩ። በአየር ላይ ሲወዛወዝም ጸጥ ብሎ ወደ መሬት ሲወርድ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ጉዳዩ የአፈር ነው። ይህ ምርመራ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ይሁንና ሳያደርጉት አዲስ ኮይል የገዙ ሰዎችን አውቃለሁ።

ከሽፋኑ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉም አብልጬ የማገኘው ይህንን ነው። ኮይሉን ከጭረት የሚጠብቀው ፕላስቲክ ከኮይሉ ጋር ሙሉ በሙሉ አይጣበቅም፤ በመካከል ባለው ክፍተት ደቃቅ አፈርና ጥቁር አሸዋ ይገባል። ጥቁሩ አሸዋ በአብዛኛው ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን) ስለሆነ ዲቴክተሩ በደንብ ይሰማዋል። አሸዋው እንደ ድንጋይ ረግቶ ቢቀመጥ ኖሮ መሣሪያው ተላምዶት ዝም ባለ ነበር፤ ነገር ግን ኮይሉ በተወዛወዘ ወይም ከሣር ጋር በተጋጨ ቁጥር ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ስለሚንሸራተት መሣሪያው እንደ አዲስ ዒላማ ይቆጥረዋል። አንድ ሰው ዲቴክተሩን ይዞልኝ የመጣው ሴንሲቲቪቲውን (ደካማ ምልክት የመስማት አቅሙን የሚወስነውን ቁልፍ) እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ፣ ኮይል ለውጦ፣ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነበር። የለወጠው ኮይል የድሮውን ሽፋን ሳያጥብ የለበሰ ስለነበር ችግሩን አብሮ ወርሶታል። ሽፋኑን ሳወልቀው ጥቁር ጭቃ ወረደ፤ አጥበን፣ አድርቀን፣ መልሰን ስናስገባው መሣሪያው ጸጥ አለ። መፍትሔው ይኸው ነው፦ ከእያንዳንዱ የፍለጋ ቀን በኋላ ሽፋኑን ያውልቁ፣ ሁለቱንም ወገን በውኃ ያጥቡ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይግጠሙት። ወንዝ ዳር የሚፈልግ ሰው ይህን በቀን ሁለት ጊዜ ማድረግ አለበት።

በርካሽ የሚሸጡ፣ ለኮይሉ ልክ ያልሆኑ ሽፋኖች ያናድዱኛል። ይላላሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ጠርዛቸው ተከፍቶ አሸዋ እንደ ልብ ያስገባሉ። በልኩ የማይገጥም ሽፋን ከማድረግ ያለ ሽፋን መፈለግ ይሻላል።

ቀጥሎ ኬብሉ ነው። ኬብሉ በዘንጉ ላይ ጠበቅ ተደርጎ መጠምጠም ይኖርበታል፤ ኮይሉ ማዕዘኑን እንዲለውጥ ከታች ጥቂት ትርፍ ይቀራል፣ ያ ትርፍ ግን መንቀጥቀጥ የለበትም። ኬብሉ ራሱ ብረት ስለሆነ ከኮይሉ በላይ እየተወዛወዘ በተጠጋና በራቀ ቁጥር ምልክት ይፈጥራል። ምልክቱን የሚያሳውቀው ጠባዩ ይህ ነው፦ ድምፁ ከእጅዎ ውዝዋዜ ጋር ምት ጠብቆ ይመጣል። ኬብሉ እንዳይንቀሳቀስ በእጅዎ ይዘው ዲቴክተሩን ሲያወዛውዙ ድምፁ ከቆመ ምክንያቱን አገኙት። የሚያጣብቅ ጨርቅ በሁለት ቦታ ይሰሩበት፤ የብረት ሽቦ ግን በፍጹም አይጠቀሙ። ማገናኛውንም ነቅለው ቀዳዳውን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ቀለበቱን በጣት ብቻ ያጥብቁ። በመፍቻ አጥብቀው ክሩን የሰበሩ አጋጥመውኛል፤ ያ ስብራት ርካሽ ጥገና የለውም።

ድምፁ ሁልጊዜ በውዝዋዜው በአንዱ ጫፍ ብቻ፣ ለምሳሌ በቀኝ እግር በኩል ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጫማዎን ይመልከቱ። ጣት መጠበቂያ ብረት ያለው ጫማ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንድ ባልደረባዬ ግማሽ ቀን ሙሉ በእግሩ ሥር ሲቆፍር ውሎ መጨረሻ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ጸጥታ ሆነ። በወገብ ላይ የሚንጠለጠል መቆፈሪያም እንዲሁ ያሳስታል።

ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ኮይሉን ሲያዞሩት ይለወጣል፤ ጠፍጣፋ ሲሆን ጮኾ በጠርዙ ሲቆም ከቀነሰ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ ወይም ሌላ ዲቴክተር አቅራቢያ አለ ማለት ነው። ስልኩን ያጥፉ፣ ከባልደረባዎ ይራቁ፣ መሣሪያው የድግግሞሽ ቻናል የሚለውጥበት ቁልፍ ካለው ይጠቀሙበት።

አሁን ወደ አፈሩ። ብረት አዘል አፈር ራሱ ምልክት ስለሚሰጥ መሣሪያው ያንን ምልክት እንዲተወው መስተካከል አለበት። ኮይሉን ከመሬት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር እስኪጠጋ ያውርዱ፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሡ፤ ሲወርድም ሲነሣም ድምፁ የማይለወጥበት ነጥብ እስኪገኝ ድረስ ማመጣጠኛውን እያስተካከሉ ይደጋግሙ። ይህን የሚያደርጉበት ቦታ ብረት የሌለበት መሆኑን አስቀድመው አጥርተው ይፈትሹ፤ በተቀበረ ሚስማር ላይ የተመጣጠነ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ይሳሳታል። የአፈሩ ቀለም በተለወጠ ቁጥር፣ ከደረቅ ወደ እርጥብ በተሻገሩ ቁጥር ማመጣጠኑን እንደገና ያድርጉ። ጨዋማ እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በተለይ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን መሣሪያዎች ይረብሻል፤ እዚያ ላይ ሴንሲቲቪቲውን መቀነስ ግድ ነው።

ስለ ሴንሲቲቪቲ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ቁልፉን እስከ መጨረሻ መክፈት መሣሪያውን አያጠነክረውም። የአንዲት ትንሽ የወርቅ እንክብል ምልክት እጅግ ደካማ ስለሆነ በጫጫታ መካከል ጨርሶ አይለይም፤ ጸጥታ ውስጥ ግን ጆሮ ይይዘዋል። መሣሪያው መጮህ እስኪያቆም ድረስ ይቀንሱ፣ ከዚያ ጥቂት ብቻ ይጨምሩ፣ እዚያ ላይ ይተዉት።

አንድ ድንጋይ ብቻውን የሚጮህ ከሆነ በእጅ አንሥተው ወደ ጎን ያድርጉትና ቦታውን እንደገና ይፈትሹ። ድምፁ ከድንጋዩ ጋር ከሄደ ብረት አዘል ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ነጭ የኳርትዝ ሥር ያለበት ከሆነ ሳይሰብሩት አይጣሉት፣ ወርቅ በኳርትዝ ውስጥ ይቀመጣልና። ሲሰብሩ ዓይንዎን በመነጽር ይሸፍኑ።

መሣሪያው ጸጥ ብሏል፣ ነገር ግን ምንም አያገኝም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፍጥነትና ከፍታ ነው። ኮይሉን ከመሬት ከአንድ ጣት በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ እንደ መጥረጊያ የሚያወዛውዝ ሰው ደቃቅ ወርቅ አያገኝም። ዒላማው ከኮይሉ ስፋት አንጻር ሲርቅ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ምልክቱ ወደ 64 እጥፍ ያህል ይዳከማል፤ ስለዚህ በአንዲት ሴንቲ ሜትር መቀለድ አይቻልም። ኮይሉ መሬቱን ሊነካ ሲል፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱ ውዝዋዜ የቀደመውን ግማሽ እየደረበ መሄድ አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት የመሣሪያው ዓይነት ነው። ለሳንቲም ፍለጋ የተሠሩ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከ5 እስከ 15 ኪሎ ኸርትዝ አካባቢ ሲሠሩ፣ ለደቃቅ ወርቅ የተሠሩት እስከ 45 ወይም 71 ኪሎ ኸርትዝ ይደርሳሉ። በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሩዝ ፍሬ የምታህል ወርቅ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። አፈሩ በብረት በጣም የበለጸገና እንክብሎቹ ጥልቅ ከሆኑ ደግሞ በፐልስ (በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች) የሚሠራው ዓይነት ይሻላል፤ በምላሹ እያንዳንዱን ሚስማርና ቆርቆሮ ያስቆፍራል።

ሦስተኛው ብዙዎች የማያስተውሉት ነው። አፈሩን በራሱ የሚከታተል ማመጣጠኛ ክፍት ሆኖ በአንድ ደካማ ምልክት ላይ ኮይሉን አሥር ጊዜ ቢመላለሱበት መሣሪያው ወርቁን እንደ አፈር ቆጥሮ ያጠፋዋል። ምልክት ሲሰሙ መከታተያውን ይቆልፉና ከዚያ ይመርምሩ። ብረትን ለይቶ የሚተወውንም ክፍል ያጥፉት፤ ትንሽ ወርቅ ብረት አዘል አፈር ውስጥ ሲሆን እንደ ብረት ሊነበብ ይችላል።

ጉድጓዱ ውስጥ ምልክቱ ጠፋ

አፈሩን በፕላስቲክ ማፈሻ ያውጡ። ማፈሻውን በኮይሉ ላይ ያሳልፉ፤ ከጮኸ ግማሹን በእጅ ያፍስሱ፣ እንደገና ያሳልፉ፣ አንዲት ቁንጥር እስክትቀር ይክፈሉ። ሲጨርሱ ጉድጓዱን ይድፈኑ።

ሳህኑ ላይ ወርቅ አይቀርም

ጀማሪው ሲያጥብ ያያል፣ ጥቁሩ አሸዋ ይቀራል፣ ወርቁ ግን የለም። ከመደምደሙ በፊት እጁን መፈተን አለበት። አሥር ደቃቅ የእርሳስ ቁርጥራጮችን በመዶሻ ጠፍጥፈው በአፈር ውስጥ ይቀላቅሉ፣ እንደ ወትሮው ያጥቡ፣ የቀሩትን ይቁጠሩ። የእርሳስ ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲሆን የንጹሕ ወርቅ 19.3 ነው፤ አሥሩንም እርሳስ ማስቀረት የቻለ እጅ በመጠን ተመሳሳይ የሆነ ወርቅ አያመልጠውም። ከጨረሱ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ እርሳስ መርዝ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ካገኙ ጥፋቱ በወንዙ ላይ አይደለም።

ከምክንያቶቹ ሁሉ ዋነኛው ቅባት ነው። አዲስ ሳህን ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት አለበት፤ የእጅ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬምም ይጨመርበታል። ቅባት የነካው ጠፍጣፋ የወርቅ ቅንጣት ውኃ አይይዘውም፤ በውኃው ገጽ ላይ ተንሳፍፎ ከአሸዋው ቀድሞ ይወጣል። ሳህኗን ከገዛች ቀን ጀምሮ አንድ ቅንጣት ያላገኘች ሴት አብሬያት ውኃ ዳር ቁጭ ብዬ ሳያት ቢጫ ነጥቦች በውኃው ላይ ሲንሳፈፉ አየሁ፤ እሷ ግን ዓይኗ ከሳህኑ ሥር ስላልተነሣ አላየቻቸውም ነበር። ሳህኑን በአሸዋና በሳሙና ፈትገን፣ በማጠቢያው ውኃ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ስንጨምር ቅንጣቶቹ ሰመጡ። የብረት ሳህን ከሆነ በእሳት ላይ አግለው ቅባቱን ያቃጥሉ። ፕላስቲኩ በሳሙናና በአሸዋ ይበቃዋል። አፈሩም ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ከውኃ በታች ይሁን፤ ደረቅ ሆኖ የገባ ደቃቅ ወርቅ ቅባት ባይነካውም ይንሳፈፋል።

ቀጥሎ የሸክላ አፈር ነው። ያልሟሟ የጭቃ ኳስ በሳህኑ ውስጥ እየተንከባለለ ያገኘውን ወርቅ ይለጥፋል፣ ከዚያም ከጠርዙ ተንከባልሎ ይወጣል። አፈሩን በባልዲ ዘፍዝፈው፣ በእጅ አሽተው፣ ውኃው እስኪጠራ ያድርሱት። ቸኩሎ ኳሱን የሚወረውር ሰው ወርቁን ራሱ እየወረወረ ነው።

በወንፊት መለየትም አይዘለል። ጠጠርና ደቃቅ አሸዋ አብረው ሲታጠቡ ጠጠሩን የሚያስወጣ የውኃ ኃይል ደቃቁን ወርቅ ይወስዳል። መጀመሪያ 2.4 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ 0.85፣ ከዚያ 0.3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይለዩና እያንዳንዱን ለብቻው ያጥቡ። ከላይ የቀረውን ጠጠር ከመጣልዎ በፊት በዲቴክተር ይፈትሹት፤ ትልልቁ እንክብል የሚገኘው እዚያ ነው።

አጣጠቡን በተመለከተ፣ ሳህኑን ከውኃ በታች አግድም ይዘው ግራና ቀኝ በኃይል ያናውጡት፤ ወርቁ ወደ ሥር የሚወርደው በዚህ ጊዜ ነው። ማዘንበል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ ከጥቂት ማፍሰስ በኋላም ደግሞ ማናወጥ። ማናወጡን ዘልለው የሚያፈስሱ ሁሉ ይከስራሉ።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ጥግግቱ 5.2 አካባቢ ስለሆነ ከኳርትዝ ይልቅ ያስቸግራል፣ የኳርትዝ 2.65 ነውና። አድርቀው፣ ማግኔትን በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍነው ከላይ ያሳልፉ። ማግኔታይቱ ሲነሣ ወርቅ በመካከሉ ይዞ ስለሚነሣ ያነሡትን ወዲያው አይጣሉ፤ በሌላ ሳህን ላይ አራግፈው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደግሙት። በሜርኩሪ መለየትን ግን ማንም አያስተምርዎት። ሲሞቅ የሚወጣው እንፋሎት ሳይሸት፣ ሳይታይ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት በወርቅ ሥራ ላይ አጠቃቀሙ እንዲቀነስ፣ ከተቻለም እንዲቀር የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በትርፍ ጊዜው ለሚፈልግ ሰው የሚያስገድድ ምንም ምክንያት የለም።

ቢጫው ነገር ወርቅ መሆኑ ያጠራጥራል

በጥላ ውስጥ ይመልከቱት፤ ወርቅ ቀለሙን ይጠብቃል፣ ሚካ (የሚያብረቀርቅ፣ ስስ ቅጠል መሰል ማዕድን) ብርሃኑ ሲርቅ ይደበዝዛል። በመርፌ ጫፍ ይጫኑት፤ ወርቅ ይጠፈጠፋል፣ ፓይራይት (ወርቅ የሚመስል የብረትና የድኝ ማዕድን) ይሰባበራል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ማዳመጫ ብዙውን ጊዜ ኬብሉ ከመሰኪያው አጠገብ ተሰብሯል። ከዝናብ በኋላ የጀመረ ጩኸት ማገናኛው ውስጥ እርጥበት ገብቶ ነው፤ ነቅለው በጥላ ያድርቁት። ኮይሉ ራሱ ተሰንጥቆ ውኃ ከገባበት ደግሞ በማጣበቂያ አይድንም፤ መለወጥ አለበት።